«በሕግ አምላክ» ሲባል ማን ይቁም?

ዓርብ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። የጎረቤታችን ልጅ ታክሲ ተራው ጋ በተነሳ ፀብ መሃል ተገኘና ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ታፍሶ ተወሰደ። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ «እማዬ» ነው የሚላቸው። ወሬው ሲደርሳቸው ነጠላቸውን እንኳን ሳያስተካክሉ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ «ዛሬ መጠየቅ አይቻልም፤ ነገ ስንቅ ይዛችሁ ኑ» ተባልን። ምን አድርጎ እንደተያዘ የነገረን የለም።

እማዬ ማንበብና መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቤት እንደገቡ የልጁን አሮጌ ደብተር አወጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «ዓርብ ማታ 12 ተኩል ወሰዱት» ብለው ጻፉና ትራሳቸው ሥር አስገቡት። ለምን እንደጻፉት ያኔ አልገባኝም ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ይዘን ሄድን። እሑድም ሄድን። ሰኞና ማክሰኞም እንዲሁ። ልጁ ዳኛ ፊት የቀረበው ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው።

ስለ ሕገ መንግሥት ሲነሳ የአንገታችን ደም ሥር እስኪገተር የምንከራከርበት ብዙ ነገር አለ። ባንዲራው፣ ቋንቋው፣ ክልሉ፣ «እስከ መገንጠል» የሚለው አንቀጽ 39። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ያ ደብተር ነው።

ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆም ነበር። ዱላ ያነሳው ያወርዳል። የሚሸሸው እግሩን ይገታል። ከዚያ የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ዳኛ በቅርብ ካልተገኘ መንገደኛውን ለምነው ያስቀምጡታል፤ እሱም ጉዞውን ትቶ ክርክራቸውን ይሰማል። ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየውን የሚያቆመው ቃሉ ብቻ ነው። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ይኸው ሕዝብ ግን ሌላም ተረት አለው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ወራጅ ውሃን ያስቆመ ቃል ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲደርስ አቅም ያጣል። ሁለቱንም ተረት በአንድ አፍ ስንናገር ኖረናል። ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት የሚባለው ነገር እንግዲህ፣ የመጀመሪያው ተረት ሁለተኛውን ያሸነፈበት አገር ማለት ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል ጎረቤት ብቻ ሳይሆን መንግሥትም የሚቆምበት አገር።

ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሕገ መንግሥት ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲፈታ «የመንግሥት ሕግ» ነው። ብዙ ሰው ታዲያ መንግሥት ለእኛ ያወጣልን፣ ከሌሎቹ ሕጎች ተለቅ ያለ ሕግ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የወንጀል ሕግ እኔን ያስረኛል፤ እንዳልሰርቅ፣ እንዳልማታ። ሕገ መንግሥት የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ እኔን እንደፈለገ እንዳይወስደኝ፣ ቤቴን እንዳይፈትሽ፣ አፌን እንዳይዘጋ። አሁን ያለን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ላይ ይህንን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ማንኛውም ሕግ፣ ልማድ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ዋጋ የለውም። ከሚኒስትር ጀምሮ እስከ ቀበሌ ሊቀ መንበር ድረስ የሚወርድ ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በታች ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ አገራችን ለማስገባት የተደረገው ሙከራ ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋው ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ አርአያ ያደረጉትም የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ያለ ሕግ ሰው አይያዝም የሚል ነገር በውስጡ ነበር። ይሁን እንጂ ሰነዱ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ነበር፤ ስጦታ ደግሞ ሰጪውን አያስርም። ሥልጣናቸው የማይደፈር ሆኖ ተጻፈ። ሰማዩ አሁንም አልታረሰም።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። እዚህ ላይ ነው እማዬ የጻፉት ሰዓት ታሪኩ የሚጀምረው። አንቀጽ 51 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ፍርድ ቤቱ በጣም ሩቅ ከሆነና በእግር ብቻ የሚሄዱበት ከሆነ ዳኛው ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ያን ያረቀቀ ሰው አንድ የታሰረ ገበሬ ከወታደር ጋር በኮረኮንች ሲጓዝ እየታየው ነው የጻፈው። ሕግ እንዲህ ሰው ታይቶት ሲጻፍ ደስ ይላል። 48 ሰዓት በ1948! እንግዲህ ይህ መብት አዲስ አይደለም፤ ከመጣልን ሰባ ዓመት ሆኖታል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። መፈክሩ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ነበር። ሁለት ወር ተኩል እንኳን አልሞላም፤ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ወደ 60 የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሚኒስትሮች ነበሩ፣ ራሶች ነበሩ፣ ጄኔራሎች ነበሩ። ብዙዎቹ ንጉሥ የማይከሰስበትን ሥርዓት ተሸክመው የኖሩ ናቸው። ያን ሌሊት «በሕግ አምላክ» ቢሉ የሚሰማ ዳኛ አልነበረም። ደርግ ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ ያለ ሕገ መንግሥት ገዛ። በመጨረሻ በ1979 ሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥትም አምስት ዓመት ሳይደፍን ከነመንግሥቱ ሄደ።

አሁን የምንተዳደርበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ የዋለው ነው። 106 አንቀጾች አሉት። ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው፣ ስለ መብት ነው። ወረቀቱን ብቻ ካየን ጎደለው የሚባል ብዙ ነገር የለም።

አንቀጽ 19ን ብቻ እንውሰድ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። (ብዙ ወጣት ይህን ከአሜሪካ ፊልም ነው የሚያውቀው። የእኛው ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዳለ ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ።) በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ተገዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። በዋስ የመፈታት መብት አለው። በ48 ሰዓት ካልቀረበ ደግሞ ፍርድ ቤት «ይህን ሰው ፍቱት» ብሎ እንዲያዝለት መጠየቅ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ሕገ መንግሥቱ «ሊጣስ የማይችል መብት» ነው የሚለው። ሕግ ባለሙያዎች አካል ነፃ ማውጣት ይሉታል። አቤቱታውን ራሱ ታሳሪው ማቅረብ ካልቻለ ቤተሰቡ ሊያቀርብለት ይችላል።

አሁን ከወረቀቱ ወደ ጣቢያው እንሂድ። ታሳሪ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «ምርመራው አልተጠናቀቀም።» «ግብረ አበሮቹን አልያዝንም።» «ቢወጣ ምስክር ያባብልብናል።» «14 ቀን ይሰጠን።» ይህ የጊዜ ቀጠሮ ይባላል። መሠረቱ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ነው። ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ሊሰጥ አይችልም። ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ሕጉ ዝም ብሏል። 14፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 10 እየተባለ ወራት ይሄዳሉ። አንዲት የሕግ ክፍተት የስንቱን ሰው ዕድሜ እንደበላች ማሰብ ያማል። ቀጠሮው በመጣ ቁጥር ምሳ ዕቃ ይዛ ከጠዋት ጀምራ ችሎት በር ላይ የምትጠብቅ እናት አለች። መንገድ ላይ ትታይሻለች፣ ትታይሃለች፤ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ያቀፈችው።

ዋስትናውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1993 የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ሰዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ከዚያ በፊት በነበረው የፓርቲ ክፍፍል ተሸናፊው ወገን ውስጥ ነበሩ። ጉዳያቸውን ያዩት ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በዚያው ሰሞን ፓርላማው በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና አይሰጠውም የሚል አዋጅ አወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 239/1993።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የሥልጣን ክፍፍል የሚባለው ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ ዓይን ለዓይን የታየበት ቦታ ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ዋስትና መብት ነው ይላል። ሕግ በሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ግን ፍርድ ቤት ዋስትና ላለመቀበል ይችላል። ልብ በሉ፣ የሚከለክለው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው የሰውየውን ሁኔታ አይቶ፣ መዝኖ ነው «አይሆንም» የሚለው። አዋጁ ግን ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ነጠቀ። አስፈጻሚው አሰረ፣ ዳኛዋ ፈታች፣ አስፈጻሚው መልሶ ያዘ፣ ሕግ አውጭው ደግሞ ለዚያ የሚመች ሕግ አመጣ። ሦስቱ የመንግሥት አካላት እርስ በርስ መጠባበቃቸው ቀርቶ ሁለቱ ተባብረው ሦስተኛውን ገፉ። አዋጁ ከአራት ዓመት በኋላ ላላ ብሎ ተሻሻለ። ያ ቀን ያስተማረው ትምህርት ግን ዳኞች ልብ ውስጥ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

ዳኛዋ ቆይተው ዳኝነቱን ተዉ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፣ ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ በ2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ሰዬ አብርሃም ቢሆኑ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ አንቀጽ 19 አንድ ቀን ለራሳቸው እንደሚያስፈልጋቸው የገመቱ አይመስለኝም። በ1967ቱ ሌሊትም ያየነው ይኼንኑ ነው። በእኛ አገር ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የታሳሪን መብት የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ ወንበሩ ሲገለበጥ ግን ያችኑ አንቀጽ ይፈልጋታል።

ታዲያ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ሲጥስ «በሕግ አምላክ» የሚለው ማነው? በብዙ አገሮች ይህ ሥራ የዳኞች ነው፤ ወይ የመደበኛው ፍርድ ቤት፣ ወይ ለብቻው የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት። እኛ ሌላ መንገድ መረጥን። አንቀጽ 62 እና 83 ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥተዋል። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ቤት ነው። አባላቱ ፖለቲከኞች ናቸው፤ በተግባር የሚልኳቸውም የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የሚያግዛቸው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ 11 አባላት ያሉት፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚመራ። ጉባኤው ግን ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም።

የዚህ ምርጫ ምክንያት ይገባኛል። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ነው ተብሎ ስለታሰበ ፍቺውም የእነሱ ይሁን ተባለ። በብሔሮች መካከል ለሚነሳ የወሰንና የማንነት ጥያቄ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ለአንድ ታሳሪ ግን ምን ይጠቅመዋል? ያሰረው የገዢው ፓርቲ መንግሥት ነው፤ ተርጓሚውም ቤት የተሞላው በዚያው ፓርቲ ሰዎች ነው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫ አንድም ሳይቀር ያዙ። ክልሎቹንም እነሱው ያዙ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ አንድ ማዕድ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ልክ ለመሆን፣ ሥርዓቱ የሠራበት ጊዜም አለ። አንዲት ወይዘሮ የውርስ ክርክራቸው ሳይፈቅዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታየባቸው። ሃይማኖታዊ ፍርድ ቤት ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ እንደሆነ አንቀጽ 34 ይናገራል። እሳቸው አልፈቀዱም። በየደረጃው ይግባኝ አሉ፣ ተሸነፉ። ሰበር ችሎትም አልሰማቸው። አጣሪ ጉባኤውም የሚተረጎም ነገር የለም አላቸው። እሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ሄዱና በ1996 አሸነፉ። ፈቃድ ሳይሰጡ የተፈረደባቸው ፍርድ ዋጋ አጣ። አንዲት ሴት «አልፈቀድኩም» ብላ ይህን ሁሉ ደጅ ስትጠና ማየት ያኮራል። ቢሆንም ግን ፖለቲካ ብዙም በማይነካው ጉዳይ ላይ ነው ያሸነፉት። በ1997 ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ሰልፍ ሲከለክሉ ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤው ደግሞ ለትርጉም የሚያበቃ ነገር የለም ብሎ ዘጋው።

ከዚያ 2012 መጣ። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሊካሄድ አልቻለም፤ የመንግሥት የሥራ ዘመን ግን እያለቀ ነበር። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረግ አይልም። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን አከራከረ። ቤት ዘግተን በተቀመጥንበት በዚያ ግንቦት ሰው ቡና እየጠጣ ስለ ምርጫና ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በሚናገሩት አንቀጽ 54 እና 58 ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ሰኔ 3 ቀን ፌዴሬሽን ምክር ቤት ወረርሽኙ እስኪያልፍ ያሉት ምክር ቤቶችና መንግሥት ይቀጥሉ ሲል ወሰነ። ውሳኔው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ትግራይ ውሳኔውን አልቀበልም ብላ በጳጉሜን የራሷን ምርጫ አካሄደች። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሳ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ወገን «እሺ፣ ይህ ዳኛ ከማንም ጋር የወገነ አይደለም» የሚለው ተርጓሚ ቢኖረን ኖሮ ቢያንስ ክርክሩ ለተጨማሪ ጊዜ በቃላት በቆየ ነበር።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጁም አለ። ከ2009 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ስድስት ጊዜ አስቸኳይ ጊዜ አውጇል፤ አንዳንዱ አገር አቀፍ፣ አንዳንዱ ለአንድ ክልል፣ አንዱ ለኮሮና። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ለዚህ ልጓም አበጅቶለታል። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፤ ያችው 48 ሰዓት እዚህም መጣች። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይወድቃል። ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ነው የሚታደሰው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋምና የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል።

ሁለት ሦስተኛ የምትለዋ ቁጥር አንድ ቀን አገር አስጨንቃለች። የካቲት 23 ቀን 2010 ፓርላማው አዋጁ ላይ ድምፅ ሰጠ። መጀመሪያ 346 ሰው ደገፈ ተባለ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ከፈተና ሁለት ሦስተኛ እንደማይሞላ አሰላ። ከዚያ ቁጥሩ ተስተካክሎ 395 ነው ተባለ። ጥርጣሬው ግን ከሰው ልብ አልወጣም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ቁጥር ነው። አንድም የተቃዋሚ ወንበር በሌለበት ቤት 88 ሰው ተቃወመ። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጣት ቁጥር ባትኖር የእነዚያን 88 ሰዎች እጅ የሚቆጥር አይኖርም ነበር።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ፈጽሞ የማይነኩ ብሎ ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጣቸው ጥቂት ናቸው፤ የአገሪቱ ስያሜ፣ ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ የእኩልነት መብት፣ የብሔሮች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት። አንቀጽ 19 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። 48 ሰዓቷ ልትታገድ ትችላለች ማለት ነው። ይህ ይከነክነኛል። ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ወራት በተቀመጠበት ቦታ «ኢሰብአዊ አያያዝ የለም» የሚለውን ማን ያረጋግጣል? ገላው ላይ ያለውን ሰንበር የሚያየው ዳኛው ነው። ዳኛ ዘንድ መቅረቡ ከቀረ የማይነካው መብትም ምስክር አልባ ይሆናል።

አገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል፤ አሁን ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው በሚሰማበት ጊዜ ላይ ነን። አንዱ ወገን አንቀጽ 39 ይውጣ ይላል። ሌላው ይህ ከተነካ አገር የለም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ስሜታቸው እውነተኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። አንቀጽ 19 ይውጣ የሚል አንድም ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። በጣም የሚጠላሉት ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት አንቀጽ ነው፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን እስር ቤት እየጠየቁ ስለሚያውቁት። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል ደግሞ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ካለ አይሆንም። ለመለወጥ ከሁሉም የሚከብደው ምዕራፍ ለመጣስ ግን ከሁሉም የሚቀለው ሆኖ ቀርቷል። ለመጣስ አንድ ስልክ ደውሎ «ትንሽ ይቆይ» ማለት ይበቃል።

ስለዚህ ማሻሻያው ከተጀመረ ከዚህ ቢጀመር እመኛለሁ። የግለሰብ መብት ጥያቄ ከፖለቲከኞች ቤት ወጥቶ ለዳኞች ይሰጥ። የጊዜ ቀጠሮ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ በቁጥር ይጻፍ። አንቀጽ 19 አስቸኳይ ጊዜ ከማይነካቸው ጋር ይደመር። የፍርድ ቤት የመፍቻ ትእዛዝ ይዞ የመጣ ቤተሰብ «አለቃ የለም፣ ነገ ኑ» ሲባል፣ እምቢ ያለው ሰው በስሙ የሚጠየቅበት መንገድ ይኑር። ሌላው ጠባችን ሁሉ ከዚህ በኋላም ይደርሳል። እንዲያውም ያለ ፍርሃት የምንጣላው ያኔ ነው።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ቆመን ነው የሰማነው። መርማሪው መዝገቡን ገልጦ ልጆቹ የተያዙት ሰኞ ጠዋት ነው አለ። 14 ቀን ጠየቀ። ዳኛው ልጁን መቼ እንደተያዘ ሲጠይቁት «ዓርብ ማታ» አለ፤ ድምፁ አልወጣም። ከኋላ እማዬ እጃቸውን አወጡ። ሲፈቀድላቸው ደብተሩን ገልጠው እንደ ተማሪ አነበቡት። «ዓርብ ማታ 12 ተኩል ወሰዱት።» ችሎቱ ጸጥ አለ። ዳኛው የጣቢያው የቀን መዝገብ በቀጣዩ ቀጠሮ እንዲቀርብ አዘዙና በ14 ቀኑ ፈንታ ሦስት ቀን ሰጡ። ቅዳሜ መዝገቡ አልቀረበም። ልጁ በ3,000 ብር ዋስ ወጣ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ዳኛ ፊት እስኪቀርብ 110 ሰዓት ቆይቷል፤ ከተፈቀደው 62 ሰዓት በላይ። ስለነዚያ 62 ሰዓቶች የተጠየቀ ሰው የለም። ደብተሩ እማዬ ቤት፣ ከቤት ካርታው ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ አለ።